ሻይ በሰዓቱ፥ ሎሚ በማዕዱ

የሰው ጤና ከሐኪም ቤት አስቀድሞ በጓዳ ይጀምራል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ሁሉ ታሞ ለመዳን ነው፤ በየቀኑ በማዕድ ላይ የሚቀርበው ግን ሳይታመሙ ለመኖር ነው። ስለዚህ የቤት እመቤት በእጅዋ ያለውን ነገር ጠባዩን ብታውቅ፥ ብዙ ገንዘብ ሳታወጣ ለቤተ ሰብዋ ብዙ በጎ ነገር ልታደርግ ትችላለች። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው በየቤቱ ስለሚጠጣው ሻይና በየመንደሩ ስለሚገኘው ፍሬ ነው፤ ይልቁንም ሁለቱ በጾም ማዕድ ላይ ስለሚሠሩት ሥራ ነው።

የደራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን አንበሳሜን ለምሳሌ እንውሰድ። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ካለው ከጣና ዳር ይነሣና፥ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት ወደ ደብረ ታቦር፥ ከዚያም ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚሆነው ወደ ጉና ተራራ እንደ ደረጃ ይወጣል። ወደ ሐይቁ ለወረደ ሰው ማንጎ፥ ፓፓያ፥ ዘይቱንና ሎሚ አለለት፤ በጣና ዳር ያለችው ዘጌም በቡናዋና በሎሚዋ የታወቀች ናት። ወደ ደጋው ለወጣ ደግሞ ኮክ በጓሮው፥ ቀጋ፥ አጋምና እንጆሪ በቁጥቋጦው መካከል ይገኛል። እንዲህ ያለ ሀብት ባለበት አገር ግን የእናቶችና የሕፃናት ጤና ገና ብዙ ይቀረዋል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፥ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከ100ው 46ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ነበሩ። በመላው ኢትዮጵያም ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት ሴቶች ከ4ቱ አንዲቱ ያህል ደም ያነሳት ነበረች።

ለደም ማነስ ከሚቈጠሩት ምክንያቶች አንዱ የብረት ማዕድን ጉድለት ነው። ደም ቀይ የሚሆነውና ከሳንባ የተቀበለውን አየር ወደ ሰውነት ሁሉ የሚያደርሰው በብረት ነውና። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፥ በሌሎችም አጽዋማት፥ በየረቡዑና በየዓርቡም ሥጋ፥ ወተትና እንቍላል ከማዕዳችን ይርቃሉ። በእነርሱ ፈንታ የምንመገበው ጤፍ፥ ምስር፥ ሽምብራ፥ ባቄላና ጎመን ብረት የሌለበት አይደለም። ነገር ግን የእህልና የጥራጥሬ ብረት እንደ ሥጋ ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፤ በእህሉ ውስጥ ያለው ሌላ ንጥረ ነገር ይይዘዋልና። እናቶቻችን ሊጡን በእርሾ ማቡካታቸው፥ ጥራጥሬውንም በውኃ ዘፍዝፈው ማብቀላቸው ይህንን መያዣ ስለሚያላላው፥ ልማዱ እጅግ የሚጠቅም ነው።

እንግዲህ የሻይ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሻይ በራሱ ክፉ መጠጥ አይደለም፤ ልብን ያነቃቃል፥ በብርድም ጊዜ ሰውነትን ያሞቃል። ሆኖም በውስጡ ታኒን የሚባል ጕሮሮን የሚያጨማድድ ነገር አለበት፤ እርሱም ከእህል ብረት ጋር በሆድ ውስጥ ሲገናኝ ይቈራኘውና ብረቱ ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይ ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ቡናም ኃይሉ ያንሳል እንጂ ሥራው ተመሳሳይ ነው። ታዲያ ሻይ ይቅር፥ ቡናም አይፈላ ማለታችን ነውን? አይደለም። ሰዓቱ ይለወጥ ማለታችን ነው። በ7 ሰዓት ምሳ የበላ ሰው ሻዩን በ8 ሰዓት ተኩል ቢጠጣ ጕዳቱ በብዙ ይቀልለታል።

ሎሚ ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ይሠራል። በሎሚ፥ በብርቱካን፥ በዘይቱንና በፓፓያ ያለው ቫይታሚን ሲ የእህሉን ብረት አላልቶ ወደ ደም ያስገባዋል፤ መጠኑ በቂ ሲሆን የሚገባውን ብረት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊያደርገው ይችላል። በ100 ግራም ሎሚ ውስጥ 30፥ በብርቱካን 50፥ በዘይቱን ግን 200 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ ይገኛል። ስለዚህ ርካሹ ዘይቱን ከውድ ፍሬ ይበልጣል ማለት ነው። ፍሬ ያጣም ሰው ጥሬ ቃርያ ከእንጀራው ጋር ቢበላ ከዚሁ ጥቅም አይጐድልም። ይሁን እንጂ ይህ ቫይታሚን እሳት አይችልም። ሎሚው ከወጡ ጋር ከሚንተከተክ ይልቅ ወጡ ከወረደ በኋላ፥ ወይም በቲማቲም ፍትፍትና በሰላጣ ላይ ቢጨመቅ ይሻላል።

የሎሚ ኃይል የታወቀው በባሕር ላይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1747 ዓመት ጄምስ ሊንድ የተባለ ስኮትላንዳዊ የመርከብ ሐኪም፥ ድድን የሚያደማ ስከርቪ የሚባል በሽታ የያዛቸውን 12 መርከበኞች ሁለት ሁለት አድርጎ ከፈለና ለየጥንዱ ልዩ ልዩ ነገር ሰጠ። ፈጥነው የተሻላቸው ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ብርቱካን ከውጭ ማስገባት ለእንግሊዞች በተቸገረ ጊዜ፥ ከዱር የጽጌ ረዳ ፍሬ ሽሮፕ ሠርተው ለልጆቻቸው አጠጡ። የኛ ቀጋ የዚያው የጽጌ ረዳ ወገን ነው። እረኞች በደጋው የሚለቅሙትን ቀጋ «የልጆች መጫወቻ» ብሎ መናቅ አይገባም፤ በውስጡ ያለውን ጠጕራም ፍሬ አውጥቶ ሥጋውን መብላት ነው።

ከቅጠላ ቅጠሉም ወገን ጦስኝን የመሰለ የደጋ ስጦታ አለ። ጦስኝ ወይም ዝንጅብል በፈላ ውኃ ተዘፍዝፎ ቢጠጣ ጕንፋን የያዘውን ሰው ያሳርፋል፤ ዝንጅብልም ማቅለሽለሽን እንደሚያስታግሥ ተመርምሮ የታወቀ ነው። ነገር ግን «ከጓሮ የተገኘ ሁሉ አይጐዳም» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። በቡና ላይ የምንጨምረው ጤና አዳም፥ ስሙ ጤና ቢሆንም፥ ማሕፀንን ስለሚያነሣሣ ነፍሰ ጡር ሴት ልትጠጣው አይገባትም። ለሕፃንም እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ሻይም ሆነ ሌላ ፈሳሽ፥ ዓመት እስኪሞላውም ማር መስጠት አይገባም።

የስኳሩም መጠን ይታሰብበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር በቀን ከ25 ግራም፥ ማለት ከ6 የሻይ ማንኪያ ያህል፥ ባይበልጥ መልካም ነው ብሏል። በቀን 3 ብርጭቆ ሻይ እየጠጣ በየብርጭቆው 3 ማንኪያ የሚጨምር ሰው በሻይ ብቻ ከዚህ ያልፋል። እጅግ ሲያቃጥል መጠጣትም የጕሮሮ ካንሰርን አደጋ ስለሚጨምር ጥቂት ማቀዝቀዝ ይበጃል።

ከሁሉ በላይ ልናስብላት የሚገባን ነፍሰ ጡሯ እናት ናት። ደምዋ ያነሰ እናት በወሊድ ጊዜ ጥቂት ደም ቢፈሳት እንኳ ሕይወትዋ በአደጋ ላይ ይወድቃል። ቶሎ የምትደክም፥ ራስዋን የሚያዞራት፥ የዓይንዋ ሽፋን ውስጡ የገረጣ እንደ ሆነ ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደምዋን ታስመርምር፤ የደም ማነስ ከወባና ከአንጀት ትልም ሊመጣ ስለሚችል ሎሚ ብቻውን መድኃኒት አይሆንላትም። የሚሰጣትን የብረት እንክብል በሻይና በቡና ሳይሆን በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ትዋጠው፤ ዓይነ ምድርዋ ቢጠቍርም ከእንክብሉ የተነሣ ነውና አትደንግጥ። ስለ ጾሙም ነገር ለብቻዋ ከምትጨነቅ ይልቅ ለንስሐ አባትዋ ሁኔታዋን ትንገራቸው።

ባል ደግሞ ገበያ በወጣ ጊዜ ሻይ ቅጠልና ስኳር ገዝቶ ሲመለስ ጥቂት ሎሚና ዘይቱን ጨምሮ ይያዝ። ፍሬውንም ለእንግዳ ብቻ ከማስቀመጥ አስቀድሞ ለነፍሰ ጡሯና ለልጆች ማካፈል ይገባል፤ የሻዩ ጀበና ግን ማዕዱ ከተነሣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጣድ።