የፈረስ ድርቆሽ ግዢ፦ ርካሹ እስር ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም

ኅዳር ሲገባ ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታና ወደ ሰንዳፋ የሚወስዱ መንገዶች ዳርቻ በድርቆሽ እስሮች ይሞላል። በክረምቱ ዝናብ ያደገው የሜዳ ሣር ታጭዶ፣ ደርቆና ታስሮ በጭነት መኪና ወደ ከተማ የሚገባው በዚህ ወቅት ነው። ከገዢዎቹ መካከል የወተት ላም አርቢዎች ቁጥራቸው ቢያይልም፣ ባለጋሪዎች፣ የፈረስ ስፖርት ክበባት፣ እንዲሁም ፈረሶችን የሚያስተዳድሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከዚሁ ገበያ ይሸምታሉ።

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የ2013 ዓ.ም የእንስሳት ናሙና ጥናት እንደሚያሳየው በሀገሪቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረሶች ይገኛሉ። በበርካታ ከተሞች የፈረስ ጋሪ በባጃጅ እየተተካ ቢመጣም፣ በፈረስ ጉልበት የዕለት ገቢያቸውን የሚያገኙ ቤተሰቦች ዛሬም ጥቂት አይደሉም። ለእነዚህ ቤተሰቦች ፈረሱ አንድ ቀን ታመመ ማለት የዚያ ቀን ገቢ ቀረ ማለት ነው። ስለሆነም ድርቆሽን በጥሩ ጥራትና በተመጣጣኝ ዋጋ መግዛት የእንስሳቱን ጤንነት ብቻ ሳይሆን የባለቤቶቹንም ኑሮ የሚነካ ጉዳይ ነው።

ፈረስ ከበሬና ከላም የሚለይበት ዋነኛ ነገር የማያመሰኳ እንስሳ መሆኑ ነው። ጨጓራው ከሰውነቱ አንጻር ሲታይ ትንሽ ሲሆን፣ ሣሩን የሚያብላላው በትልቁ አንጀቱ ውስጥ በሚገኙ ጥቃቅን ነፍሳት አማካይነት ነው። በተፈጥሮው ማስታወክ ስለማይችል የበላው የተበላሸ መኖ ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ የለም። በዚህም ምክንያት ሻጋታ ያለበት ድርቆሽ በፈረስ ላይ ብርቱ የሆድ ቁርጠት ሊያስከትል ይችላል፤ ቁርጠቱም አንዳንድ ጊዜ ለሞት ያደርሳል። የሻጋታው ብናኝ ደግሞ ወደ ሳንባ እየገባ ሥር የሰደደ ሳል ያመጣል፤ የሚያስለው ፈረስም ጋሪ መጎተት ይሳነዋል።

የድርቆሽን ጥራት አስቀድሞ የሚወስነው ሣሩ የታጨደበት ጊዜ ነው። ሣር ማበብ ሲጀምር ቅጠሉ የበዛ፣ አገዳው ለስላሳ፣ ገንቢ ንጥረ ነገሩም የተሻለ ነው። ዘሩን አራግፎ ከደረቀ በኋላ የታጨደ እንደሆነ ግን አገዳው ይጠነክራል፤ የምግብነት ዋጋውም እየቀነሰ ወደ ገለባ ይጠጋል። በደጋው አካባቢ ዝናቡ ፈጽሞ እስኪያቆም ድረስ አጨዳው ስለሚዘገይ ይህ ችግር በስፋት ይታያል። ቶሎ የታጨደውም ቢሆን ዝናብ ካገኘውና በቅጡ ሳይደርቅ ከታሰረ ይሻግታል። ስለዚህ ገዢው ሁለቱንም ጉድለቶች ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ጥሩ ድርቆሽ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ መልክና ደስ የሚል የሣር ሽታ አለው። ማገት የተባለው የሜዳ ተክል የተቀላቀለበት ከሆነ በገንቢ ንጥረ ነገር የበለጸገ በመሆኑ ተመራጭ ነው። በአንጻሩ ሰንበሌጥ የበዛበት እስር ሸካራ ስለሚሆን ፈረሱ መርጦ ይተወዋል፤ የተተወውም መጠን ከገዢው ኪስ የወጣ ነው። እንደ አስተናግር ያሉ መርዛማ አረሞች የታዩበትን ድርቆሽ አለመግዛት ይገባል። የእስሩ የውጭ ገጽ ፀሐይ መትቶት ቢገረጣ ብዙም አያሳስብም። የሚያሳስበው ውስጡ ነው። በመሆኑም ከክምሩ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች አንዳንድ እስር አስወጥቶ በመፍታት እጅን ወደ መካከሉ መስደድ ያስፈልጋል። ውስጡ የሚሞቅ፣ የሚጠቁር፣ የሚያቦን ወይም የምድር ቤት ሽታ ያለው ከሆነ ለፈረስ አይሆንም።

እርጥበቱን ለመገመት ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። ጥቂት ድርቆሽ በእጅ ሲጠመዘዝ አገዳው ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ እንደ ገመድ ከተጠመዘዘና ካልተሰበረ ግን እርጥበት አለው። ሌላው ቀላል ዘዴ የተከተፈ ድርቆሽና ጥቂት ደረቅ የገበታ ጨው በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አድርጎ፣ ከድኖና ደጋግሞ መነቅነቅ ነው። ጨው ተጣብቆ ከተጓጎለ የድርቆሹ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ስለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

በሀገራችን ገበያ ድርቆሽ በአብዛኛው የሚሸጠው በእስር ነው። ይሁን እንጂ እስር የክብደት መለኪያ አይደለም፤ አንዱ ሻጭ አጥብቆ ሲያስር ሌላው አላልቶ ያስራል። ነገሩን በምሳሌ ለማየት፣ አንደኛው እስር 18 ኪሎ ግራም መዝኖ በ270 ብር፣ ሁለተኛው ደግሞ 12 ኪሎ ግራም መዝኖ በ216 ብር ቢሸጥ በመጀመሪያ እይታ ርካሹ ሁለተኛው ይመስላል። በኪሎ ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 15 ብር፣ ሁለተኛው 18 ብር ሆኖ ይገኛል። ከሁለተኛው ላይ 3 ኪሎ ግራም ሻግቶ ቢጣል ደግሞ ፈረሱ ለሚበላው እያንዳንዱ ኪሎ የተከፈለው 24 ብር ይሆናል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ በአንድ እስር 54 ብር አተርፋለሁ ያለ ገዢ የከሰረው እሱ ነው።

በኪሎ መግዛትም የራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። እርጥበቱ 15 በመቶ የሆነ 100 ኪሎ ግራም ድርቆሽ 85 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ ይዟል። እርጥበቱ ወደ 25 በመቶ ከፍ ካለ ደረቁ መኖ 75 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ለቀሪው 10 ኪሎ ግራም ልዩነት ገዢው የሚከፍለው ለውሃ ነው። ከዚህም በላይ ያ ውሃ በመጋዘን ውስጥ ሻጋታን ያፈራል፤ ክምሩ በውስጡ እየሞቀ ለእሳት አደጋም ሊያጋልጥ ይችላል።

ይህ ጉዳይ በጨረታ ድርቆሽ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶችን በቀጥታ ይመለከታል። በመንግሥት ግዢ አሠራር ዝቅተኛ ዋጋ የሚወዳደረው የጥራት መስፈርቱን ካሟሉት መካከል ነው። በጨረታ ሰነዱ ላይ የሠፈረው መስፈርት «ድርቆሽ፣ በእስር» የሚል ብቻ ከሆነ ግን ቀላሉንና የሻገተውን እስር ያቀረበው ተወዳዳሪ በሕጋዊ መንገድ ሊያሸንፍ ይችላል፤ ተረካቢውም ለመመለስ የሚያስችል ማስረጃ አይኖረውም። ስለዚህ መስፈርቱ ዋጋው በኪሎ ግራም እንዲቀርብ፣ እርጥበቱ ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከሻጋታ፣ ከአፈርና ከመርዛማ አረም ነፃ እንዲሆን፣ ርክክቡም በሚዛንና በናሙና ፍተሻ እንዲፈጸም ቢደነግግ የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብም ፈረሶቹንም ያድናል።

የሚገዛውን መጠን አስቀድሞ ማስላትም ወጪን ይቀንሳል። አንድ ፈረስ በቀን የሚያስፈልገው ደረቅ መኖ በአማካይ ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ነው። ክብደቱ 250 ኪሎ ግራም ለሚገመት ፈረስ ይህ 5 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ ወይም 6 ኪሎ ግራም ገደማ ድርቆሽ ማለት ነው። ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ላሉት 7 ወራት 12 ነጥብ 6 ኩንታል ሲያስፈልገው፣ ለብክነት መጠባበቂያ ሲታከልበት 14 ኩንታል ይደርሳል። ይህ መጠን አጨዳው በሚካሄድበት ጊዜ፣ አቅርቦቱ በበዛበት ወቅት ቢገዛ ክምችቱ ተመናምኖ ዋጋው ከሚንርበት ጊዜ ግዢ ይድናል። በግል ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማውጣት ለባለጋሪ ከባድ በመሆኑ፣ ተደራጅቶ ሙሉ ጭነት በጋራ መግዛት የመጓጓዣውንም ወጪ ለመጋራት ይረዳል። ለባለጋሪዎች ማኅበራት የማከማቻ ቦታና የቁጠባና ብድር አገልግሎት የሚያመቻች የከተማ አስተዳደርም የችግሩን ግማሽ መንገድ አቃለለ ማለት ይቻላል።

የተገዛው ድርቆሽ በአግባቡ ካልተቀመጠ ግን ጥቅሙ ከንቱ ይሆናል። እስሮቹን በቀጥታ መሬት ላይ ከማሳረፍ ይልቅ በእንጨት ርብራብ ላይ መደርደር፣ ጣሪያው የማያፈስ መሆኑን ማረጋገጥ፣ በክምሩና በግድግዳው መካከልም አየር የሚዘዋወርበት ክፍተት መተው ተገቢ ነው። ድርቆሹን በግርግም ወይም በመረብ ማቅረብ ፈረሱ ረግጦ የሚያበላሸውን መጠን ይቀንሳል።

ወጪን ለማቃለል የጤፍ ጭድ ከድርቆሽ ጋር ማደባለቅ የተለመደ ነው። ጭድ ሆድ ቢሞላም ገንቢ ንጥረ ነገሩ አነስተኛ በመሆኑ፣ ሥራ ለሚበዛበት ፈረስ ብቻውን አይበቃም፤ በገብስ ወይም በመጠኑ በፉርሽካ ሊደገፍ ይገባል። ከአንዱ መኖ ወደ ሌላው የሚደረገው ለውጥ ከ7 እስከ 10 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ሊከናወን የሚገባ ሲሆን፣ ንጹሕ የመጠጥ ውሃም በበቂ መጠን መቅረብ አለበት። ደረቅ መኖ ያለ ውሃ ለአንጀት መደፈን ምክንያት ይሆናልና።

በአጠቃላይ ድርቆሽ ከመግዛት በፊት እስሩን መፍታት፣ መመዘንና በኪሎ ማስላት የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ነው። በጋሪ የሚተዳደረው ቤተሰብም ሆነ በመንግሥት በጀት የሚገዛው መሥሪያ ቤት ይህን ከፈጸመ፣ የከፈለው ገንዘብ ለፈረሱ ጉልበት መዋሉን እርግጠኛ ሊሆን ይችላል።