የሐይቁ ስም ተለወጠ፤ የሳይንሱ መዝገብ ግን ጸና

ለቦታ ስም ማውጣት ከሥልጣን ተለይቶ የማይታይ ተግባር ነው። የአንድን ወንዝ ወይም ሐይቅ ስም በካርታ ላይ የሚያሰፍር ኃይል፣ ስለ ቦታው የመናገር መብት የእርሱ መሆኑን አብሮ ያውጃል። ሳይንስ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው የሚሉ አሉ። የሰው ዘር አመጣጥ የሚጠናባቸው የምሥራቅ አፍሪካ ሥፍራዎች ታሪክ ግን ሌላ ይመሰክራል።

እ.ኤ.አ. በ1888 ቆንት ቴሌኪና ሉድቪግ ፎን ሆነል የተባሉ ሁለት የኦስትሮ-ሃንጋሪ ተጓዦች፣ የሰሜን ጫፉ ኢትዮጵያን ከሚነካው የኬንያ ታላቅ ሐይቅ ደረሱ። በዳርቻው ዓሣ የሚያጠምዱና ከብት የሚያረቡ ሕዝቦች ሐይቁን በየቋንቋቸው ይጠሩት ነበር። ተጓዦቹ ግን ይህን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ በአልጋ ወራሻቸው ስም «ሩዶልፍ» አሉት። ልዑሉም ሐይቁን በዓይኑ ሳያየው በማግሥቱ ዓመት ሞተ።

ስሙ 87 ዓመት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1975 የኬንያ መንግሥት ሐይቁ በዳርቻው በሚኖረው ሕዝብ ስም «ቱርካና» ተብሎ እንዲጠራ ወሰነ። እርምጃው ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ሁሉን አላዳረሰም። ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ ኬንያዊው በርናርድ ንጌኔዮ በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በኩቢ ፎራ፣ አንድ ጥንታዊ የራስ ቅል አግኝቶ ነበር። ቅሉ 1470 የሚል ቁጥር ሲሰጠው ከቁጥሩ በፊት የሰፈረው ምሕጻር «ምሥራቅ ሩዶልፍ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986፣ የሐይቁ ስም ከተለወጠ 11 ዓመት በኋላ፣ የሶቪየት ኅብረቱ ምሁር ቫሌሪ አሌክሴዬቭ ለቅሉ የዝርያ ስም ሲያወጡ የመረጡት «ሩዶልፌንሲስ» የሚለውን ነበር። ልዑሉ ከካርታው ወጥቶ በሰው ዘር የትውልድ መዝገብ ውስጥ ገባ።

ታዲያ ይህ ለምን አይታረምም? ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ በሥርዓቱ ታትሞ ለወጣ የመጀመሪያ ስም ቅድሚያ ይሰጣል፤ ስሙ አግባብ አይደለም በሚል ምክንያት ብቻም አይሻርም። ደንቡ ተንኮል የለበትም፤ የየአገሩ ተመራማሪዎች ስለ አንድ ነገር ሲናገሩ እንዲግባቡ የወጣ ነው። ውጤቱ ግን ከባድ ነው። መንግሥት ካርታን በአዋጅ ይለውጣል፤ የሳይንስን መዝገብ ግን በአዋጅ ሊለውጥ አይችልም። በዚያ መዝገብ ነገሩ የሚወሰነው በስያሜው ዕለት ነው።

የፖለቲካ ወሰንስ በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ አለው? እ.ኤ.አ. በ1978 «አፋሬንሲስ» የሚለው የዝርያ ስም ይፋ ሲሆን፣ ለዝርያው መለኪያ የሆነው መንጋጋ የተመረጠው ከአፋር ሳይሆን ከታንዛኒያው ላኤቶሊ ነበር። ከሐዳር እስከ ላኤቶሊ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት አለ። እነዚያ ፍጡራን ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሲኖሩ ኢትዮጵያም ኬንያም ታንዛኒያም የሚባል ወሰን አልነበረም። ስለሆነም «የእኛ ናቸው፣ የእናንተ አይደሉም» የሚለው ክርክር ሳይንሳዊ መሠረት የለውም። ስሙ ለባለቤትነት ማስረጃ አይሆንም፤ ቅርሱን አቅፎ ያቆየውን ምድርና በዚያ የሚኖረውን ሕዝብ ግን ያስታውሳል።

በአገራችንም ተመሳሳይ ጥያቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው ቅሪተ አካል በተመራማሪዎቹ ሠፈር ከሚሰማ የእንግሊዝኛ ዘፈን «ሉሲ» ተባለች። እኛ «ድንቅነሽ» አልናት። ይህ ስም የአገር ኩራት ነው፤ ግን እርሱም አማርኛ እንጂ አፋርኛ አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም። የውጭውን ስም የተቃወመ ሁሉ የባለምድሩን ቋንቋ አስታውሷል ማለት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የተሻለ መንገድ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 «ራሚዱስ» የተባለው ስም የወጣው በአፋርኛ ሥር ማለት ከሆነው ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኢትዮጵያዊው ዶክተር ብርሃነ አስፋው ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳወቁት ዝርያ «ጋርሂ» ተባለ፤ በአፋርኛ አስገራሚ ነገር ማለት ነው። ከቱርካና ሐይቅ አካባቢ ለተገኘው ሌላ ዝርያም እ.ኤ.አ. በ1995 «አናሜንሲስ» የሚል ስም ወጣለት፤ «አናም» በቱርካና ቋንቋ ሐይቅ ማለት ነው። በልዑል ስም የተጠራው ውሃ በመጨረሻ በዳርቻው ሕዝብ አንደበት ተመዘገበ።

ከዚህ የሚቀሰመው ትምህርት ግልጽ ነው። በስያሜው ዕለት ያልተገኘ፣ በማግሥቱ ቢጮኽ ሰሚ አያገኝም። በዕለቱ ለመገኘት ደግሞ ቅሪተ አካል የሚያጠና የአገር ምሁር፣ የተደራጀ ቤተ ሙከራና ንቁ ሕዝብ ያስፈልጋል። መንገድ የሚቆፍረው ሠራተኛ ዶማው ከጥንታዊ አጥንት ጋር ቢጋጭ ሥራውን አቁሞ ለሚመለከተው አካል ያስታውቅ። የቀበሌ ማኅበራትም የየሸለቆውንና የየኮረብታውን ስም ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ጠይቀው በጽሑፍ ያኑሩ። የሳይንስ መዝገብ ነገ የሚቀበለው ዛሬ ሕዝቡ ያቆየውን ስም ነውና።