ትልቁ አንጀት በኦፕራሲዮን ከወጣ በኋላ ስለሚደርሱ ችግሮች

አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የሚባለው በሽታ የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን እያቈሰለ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ቍርጠትና ክሳት የሚያስከትል ሕመም ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ምልክቱ ግን ከአሜባ ጋር ስለሚመሳሰል፣ በሽተኛው የአሜባ መድኃኒት ደጋግሞ ሲወስድ ጊዜ ሊያልፍበት ይችላል። እውነቱ የሚታወቀው ዐይነ ምድሩ ተመርምሮ፣ አንጀቱም በመሣሪያ ታይቶ ነው።

መድኃኒት አልበቃ ሲል ሐኪሞች ትልቁን አንጀት በኦፕራሲዮን ያወጡታል። በዚያን ጊዜ የቀጭኑ አንጀት ጫፍ በሆድ ላይ በተከፈተ መውጫ በኩል ይወጣና ፈሳሹ በከረጢት ይጠራቀማል። ዛሬ የሚሠራበትን የመውጫ አበጃጀት በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የነበሩት ዶክተር ብራያን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1952 ገለጹ። በ1978 ደግሞ አለን ፓርክስና ጆን ኒኮልስ በለንደን ከቀጭኑ አንጀት ማጠራቀሚያ ሠርቶ ከፊንጢጣ ጋር የማያያዝን ዘዴ አስታወቁ። ሁለቱም ዘዴዎች የብዙ ሰው ሕይወት አድነዋል። ይሁን እንጂ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚደርሱትን ችግሮች ማወቅ ያስፈልጋል።

1ኛ/ የውሃና የጨው ማለቅ። ትልቁ አንጀት በየቀኑ አንድ ሊትር ተኩል የሚያህል ፈሳሽ ተቀብሎ አብዛኛውን ውሃና ጨው ወደ ሰውነት ይመልሳል። እርሱ ከወጣ በኋላ ይህ ሁሉ በመውጫው ይፈሳል። ሰውነት ሲለምደው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይሆናል፤ ወደ ሁለት ሊትር ሲጠጋ ግን አደጋ ነው። በባሕር ማዶ የተማርነው ምክር ለቀዝቃዛ አገር ሰው የተጻፈ ነበር። ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ በሆነው በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ፣ በማሽላና በማሾ እርሻ ላይ የሚውል ሰው ግን በላብም ብዙ ጨው ያጣል፤ ስለዚህ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ባት ሲሸማቀቅ፣ ራስ ሲዞር፣ ሽንት ሲያንስና ሲጠቍር፣ ቤተ ሰቡ «ምች መታው» ብሎ መዘግየት አይገባውም። ባዶ ውሃ አብዝቶ መጠጣትም ጨውን ይዞ ስለሚወጣ ችግሩን ያብሳል። የሚሻለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) ነው። ይህ ቢታጣ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱንም ልክ አድርጎ በጥብጦ፣ ጥቂት በጥቂት መጠጣት ነው። እስላምም ሆነ ክርስቲያን፣ በሽተኛው ከመጾሙ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ በቆላ ቀን ሙሉ ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ለእርሱ ከባድ አደጋ ነውና።

2ኛ/ የስፌት መላቀቅና የአንጀት መዘጋት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኵሳት ከብርቱ የሆድ ሕመም ጋር ከመጣ ስፌቱ አፍስሶ ይሆናል። መውጫው ፈሳሽ መስጠት አቁሞ ሆድ ቢነፋና ቢያስመልስ፣ አንጀቱ ተዘግቷል ማለት ነው። ይህ ከዓመታት በኋላም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወቅት ከቆሎና ከበቆሎ እሸት መታቀብ፣ ምግብንም አድቅቆ ማኘክ ይገባል።

3ኛ/ የቆዳ መቍሰል። ከቀጭኑ አንጀት የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳን ይልጣል፤ ላብም ከረጢቱን ያላቅቀዋል። የከረጢቱ ቀዳዳ በመውጫው ልክ ይቈረጥ፤ ቆዳው በንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ ይለጠፍ።

4ኛ/ የማጠራቀሚያው መቈጣት። በሁለተኛው ዘዴ በታከሙት ላይ ተቅማጥና ቍርጠት ሊመለስ ይችላል። ለዚህ ሜትሮኒዳዞል ይረዳል። ነገር ግን መድኃኒቱን ሐኪም ያዝዘው እንጂ፣ ለአሜባ እንደ ተለመደው ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ አይገዛ።

እንግዲህ ፈሳሹ ከመጠን በላይ የበዛበት፣ ወይም ጨርሶ የቆመበት፣ ትኵሳትም ያለበት በሽተኛ ነገን ሳይጠብቅ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ወደ ደብረ ብርሃን የሚላክ ቢሆን የጣርማ በር ዳገት ረዥም ስለሆነ ጕዞው በጊዜ ይጀመር፤ የሚጠጣውም በጥብጥ አብሮት ይያዝ። ከረጢት መያዝ እንደ ነውር ተቈጥሮ ሰውየው ተደብቆ ሲኖር፣ አደጋውም አብሮ ይደበቃል። ቤተ ሰብና ጎረቤት ይህን ዐውቀው ከጎኑ ቢቆሙ ግን ወደ ሥራው ተመልሶ ረዥም ዕድሜ ሊኖር ይችላል።