ተጨማሪ መረጃ፦ የዶሮ መኖ ሲለወጥ
ቄቦች እንቁላል መጣል ሲቃረቡ ከታዳጊ መኖ ወደ እንቁላል ጣይ መኖ ይሸጋገራሉ። ለውጡ ግን በአንድ ጀንበር መሆን የለበትም። በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ከአራት እጅ አንዱን ብቻ አዲስ መኖ ቀላቅሉ፤ ከዚያ እኩል በእኩል፣ ቀጥሎም ሦስት እጅ አዲስ እያደረጋችሁ ከ7 እስከ 10 ቀናት ውስጥ ጨርሱ። ጠዋት ጠዋት ኩሱን እዩ፤ ከቀጠነ፣ ወይም ጥሬው ተለቅሞ ዱቄቱ መመገቢያው ላይ ከቀረ፣ የአዲሱን መኖ መጠን ሳትጨምሩ ቆዩ። ክትባት በሚሰጥበት ሰሞን ለውጡን ፈጽሞ አትጀምሩ። ንጹሕ ውኃ ለአፍታም አይቋረጥ። የጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ሲይዝ፣ የታዳጊው 1 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ የጣዩን መኖ ለጫጩት መስጠት ኩላሊቷን ይጎዳል።