በዓለታማ ዳር የሚጣል ለስላሳ ትል

በወንጌል የምናነባቸው ዓሣ አጥማጆች አብዛኛውን ጊዜ መረብ ጣዮች ስለሆኑ፥ አንድ ዓሣ በአንድ መንጠቆ ለመያዝ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ቆሞ የሚውል ሰው ለብዙዎቻችን ሥራ ፈት ይመስለን ይሆናል፤ ዳሩ ግን በሰሜን አሜሪካ፥ ከታላላቆቹ ሐይቆች አንሥቶ እስከ ኦሃዮና ቴኔሲ ወንዞች ድረስ፥ በጠራና በቀዘቀዘ ውኃ የሚኖረውን፥ ስሞልማውዝ ባስ የተባለውን ነሐስ መልክ አዳኝ የሚያጠምዱ ሰዎች ነገሩን ረቂቅ ጥበብ አድርገውታል። ጄምስ ሄንሻል የተባለ ሐኪም ስለዚህ ዓሣና ስለ ዘመዱ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ያሳተመው ገና እ.ኤ.አ. በ1881 ነበር። ዓሣው ግዙፍ አይደለም፤ በ1955 በዴል ሆሎው ሐይቅ ተይዞ ክብረ ወሰን የሆነው እንኳ 5.4 ኪሎ ያህል ነው፤ ዝናው ከጉልበቱ የመጣ ነው።

ዓለታማውን ዳር የሚወደው ስለ መብሉ ነው። ክሬይፊሽ የሚሉት፥ የሸርጣን ዘመድ የሆነ ባለ መቆንጠጫ እንስሳ፥ ቀን ቀን በድንጋይ ሥር ተሸሽጎ ውሎ ሲመሽ ስለሚወጣ፥ ባሱ ድንጋዩ ተከምሮ ጥልቁ በድንገት በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ያደባል። በጸደይ ውኃው ወደ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ደግሞ፥ ወንዱ ጠጠሩን በጭራው ጠርጎ ጎጆ ያበጅና፥ ሴቲቱ እንቁላሏን ጥላ ከሄደች በኋላ ብቻውን ዘብ ይቆማል፤ በዚያ ጊዜ እርሱን ከጎጆው ማንሣት ዘሩን ለሌላ ዓሣ መብል አሳልፎ መስጠት ስለሆነ፥ እኔ ብሆን በዚያ ወራት መንጠቆዬን ባልጣልሁ።

በሌላው ጊዜ ግን ለዚህ ዓሣ ከሚጣሉት ማጥመጃዎች አንዱ ለስላሳ ሰው ሠራሽ ትል ነው፤ ይህን ትል በ1949 በአክሮን፥ ኦሃዮ፥ ለገበያ ያበቃው ኒክ ክሪም ነው። ጥሬ ነገሩ ፖሊቪኒል ክሎራይድ የሚባለው ፕላስቲክ ሲሆን፥ ይህ ብቻውን ለቧንቧ የሚሆን ደረቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ዘይት መሰል ማለስለሻ ተቀላቅሎበት ሲሞቅ፥ የማለስለሻው ቅንጣቶች በረጃጅሞቹ የፕላስቲክ ሰንሰለቶች መካከል እየገቡ ስለሚያራርቋቸው፥ ሰንሰለቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ መንሸራተት ይችላሉ፤ በቅርጽ ፈስሶ ሲበርድም ለጥቂት የውኃ እንቅስቃሴ የሚታዘዝ ገላ ይሆናል።

የዚህ ልስላሴ ዋና ጥቅም፥ እንደሚመስለኝ፥ ከዓይን ይልቅ ለአፍ ነው። ባስ እጅ የለውምና ነገርን የሚመረምረው በአፉ ነው፤ አፉንና ጉንጩን በቅጽበት ሲከፍት በውስጡ ያለው ግፊት ይቀንሳል፥ ውኃውም የታደነውን ይዞ ይገባል። የገባው ነገር እንጨት ወይም ብረት ሆኖ ካገኘው ወዲያው ይተፋዋል፤ ለስላሳ ከሆነ ግን ጥቂት ይዘገያል፥ አጥማጁም መንጠቆውን የሚስበው በዚያች መዘግየት ነው። አንዳንድ ሠሪዎች ጨው ይጨምሩበታል፤ ስለ ጣዕም ነው ቢሉም፥ ትሉ ያለ እርሳስ እንዲሰጥም ክብደት መስጠቱ ይበልጥ የሚያሳምን ምክንያት ነው።

ድንጋይ መንጠቆን ስለሚይዝ፥ የመንጠቆው ጫፍ በትሉ ገላ ውስጥ ይቀበራል፤ ክብደቱም ወደ ታች ለመድረስ ከሚበቃው በላይ አይሆንም፥ ከባድ እርሳስ በድንጋይ ስንጥቅ ገብቶ ይቀራልና። ከዚያ ክሩ ላላ ተደርጎ ትሉ በራሱ ጊዜ እንዲወርድ ይተዋል፤ ጥቂት ይሳባል፥ ብዙ ይቆማል። ዓሣው ብዙ ጊዜ የሚወስደው ሲወርድ ወይም ጸጥ ብሎ ሳለ ነው፤ ምልክቱም ክሩ ወደ ጎን መሄዱ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፥ ዓይን ከክሩ ላይ መነሣት የለበትም። ቡናማና አረንጓዴ ቀለም የሚመረጠውም፥ ከታች የሚጎተት እንዲህ ያለ ነገር ክሬይፊሽን፥ ወይም በ1990 በሴንት ክሌር ወንዝ ከታየ ወዲህ በታላላቆቹ ሐይቆች የተባዛውንና የባስ ቀለብ የሆነውን ራውንድ ጎቢ የተባለ መጤ ዓሣ ስለሚያስመስል ነው።

የተበጠሰው ትል ግን አይበሰብስም፤ በሐይቁ ወለል ይቀራል፥ አንዳንዴም ዓሣ ይውጠዋል። ስለዚህ የተቀደደውን ሰብስቦ መመለስ ያስፈልጋል። በዘይት ፈንታ በውኃ ልስላሴውን የሚያገኝ ሌላ ዓይነት ማጥመጃም ተሠርቷል፤ እርሱ ግን ከዕቃው ወጥቶ በፀሐይ ከተተወ ደርቆ ስለሚጠነክር፥ እስኪጣል ድረስ በራሱ ፈሳሽ ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል።