የእኛ ልጅ ሲሄድ፦ የደጋፊ ቁጣ ከየት ይመጣል?

ጁላይ 8 ቀን 2010 ምሽት በአሜሪካ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ቴሌቪዥናቸውን ከፍተው ከአንድ የ25 ዓመት ወጣት አፍ የሚወጣውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠብቁ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወጣቱ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ሌብሮን ጄምስ ነው። ከግማሽ ሰዓት ያህል መጠባበቅ በኋላ፣ ለሰባት የውድድር ዓመታት የተጫወተበትን ክሊቭላንድ ካቫሊየርስን ለቅቆ ወደ ማያሚ ሂት እንደሚሄድ አስታወቀ። በዚያው ሌሊት በክሊቭላንድ ጎዳናዎች ላይ ስሙና 23 ቁጥሩ የታተመባቸው ማልያዎች ተቃጠሉ። በከተማዋ መካከል በአንድ ሕንፃ ግድግዳ ላይ የነበረው፣ እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ የሚያሳየው ግዙፍ ምስሉ በቀናት ውስጥ እንዲወርድ ተደረገ። የክለቡ ባለቤት ዳን ጊልበርት ለደጋፊዎች በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ ድርጊቱን የፈሪ ክህደት ሲሉ አወገዙ፤ የእርሳቸው የሆነ ኩባንያም የሚሸጠውን የሌብሮንን የግድግዳ ምስል ዋጋ ከ99 ዶላር ከ99 ሳንቲም ወደ 17 ዶላር ከ41 ሳንቲም አወረደ። ቁጥሩ በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም። 1741 በአሜሪካ ታሪክ የከሐዲነት ምሳሌ ሆኖ የሚጠራው የጄኔራል ቤኔዲክት አርኖልድ የልደት ዓመት ነው።

ነገሩን በሕግ ዓይን ብቻ ለተመለከተው ግን ሌብሮን የጣሰው ነገር የለም። ውሉ አልቋል፤ ወደፈለገው ክለብ የመሄድ መብት ነበረው። አንድ መሐንዲስ ውሉን ጨርሶ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ቢዛወር ፎቶግራፉን አደባባይ አውጥቶ የሚያቃጥል ሰው አይገኝም። ታዲያ በተጫዋች ላይ ይህን ያህል ቁጣ ከየት መጣ? ይህን ጥያቄ ይዘን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች የደረሱባቸውን አንዳንድ ግኝቶች በዚህ ጽሑፋችን እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ወደ አእምሯችን የሚመጣው መልስ ክለቡ ትልቅ ነገር ስላጣ ነው የሚል ይሆናል። ዳንኤል ካህነማን እና ኤሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባሳተሙት ዝነኛ ጥናት እንዳስረዱት፣ የሰው ልጅ አንድን ነገር ሲያጣ የሚሰማው ሕመም ያንኑ ነገር ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ ይበልጣል። ካህነማን ከሌሎች ሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ1990 ይፋ ባደረጉት ሙከራ ደግሞ ለግማሾቹ ተሳታፊዎች ተራ የቡና ኩባያ በስጦታ ሰጥተው ስንት ብትሸጡት ትስማማላችሁ ብለው ቢጠይቋቸው፣ የጠየቁት ዋጋ ኩባያው ያልደረሳቸው ሰዎች ለመግዛት ካቀረቡት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ልብ እንበል፤ ኩባያው የእነርሱ ከሆነ ገና ደቂቃዎች ቢቆጠሩ ነው። ክሊቭላንድ ሌብሮንን የያዘችው ለሰባት ዓመታት ነበር። የጠፋውም ነገር ኩባያ አልነበረም፤ በቀደመው የውድድር ዓመት 61 ጨዋታ ያሸነፈው ክለብ ሌብሮን በሄደ ማግሥት 19 ብቻ አሸንፎ፣ በመካከሉም 26 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ።

ይሁን እንጂ ይህ መልስ ሐዘንን ያስረዳ እንደሆነ እንጂ ቁጣን አያስረዳም ባይ ነን። ለዚህም አንድ የሐሳብ ሙከራ እናድርግ። ሌብሮን በዚያው በጁላይ 2010 ጉልበቱ ተጎድቶ ከጨዋታ ዓለም ቢሰናበት ኖሮ ክለቡ የሚያጣው ነገር ፈጽሞ ያው ነው፤ የሚሸነፈውም ያንኑ ያህል ነው። ማልያ የሚያቃጥል ግን አይኖርም ነበር። እንዲያውም ማልያው በክብር ይሰቀል ነበር። ስለዚህ ከማጣቱ ባሻገር ያለውን መፈለግ ይኖርብናል።

ፍለጋችንን «እኛ» ከምትለው ትንሽ ቃል እንጀምር። ሄንሪ ታጅፈል የተባሉት ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ የ14 እና የ15 ዓመት ተማሪዎችን እርባና በሌለው ምክንያት በሁለት ቡድን ከፈሏቸው። ልጆቹ ክሌ እና ካንዲንስኪ ከተባሉት ሠዓሊዎች የማንኛውን ሥዕል እንደሚመርጡ ተጠይቀው በዚያ እንደተመደቡ ተነገራቸው። ከቡድናቸው አባላት ማን እንደሆነ እንኳ አያውቁም ነበር። ሆኖም ገንዘብ እንዲያከፋፍሉ ሲታዘዙ ለራሳቸው ቡድን አድልተው ተገኙ። ታጅፈል ከጆን ተርነር ጋር በ1979 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ሰው ለራሱ ያለው ግምት ከፊሉ የሚመነጨው አባል ከሆነበት ቡድን ነው። የቡድኑ ክብር ክብሩ፣ ውርደቱም ውርደቱ ይሆናል።

ይህ በስፖርት ደጋፊ ላይ ምን እንደሚመስል በግልጽ ያሳዩት ሮበርት ቻልዲኒ እና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1976 ባሳተሙት ጥናት በሰባት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ሰኞ ዕለት ምን ለብሰው ክፍል እንደሚገቡ መዘገቡ። የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ቅዳሜ ካሸነፈ፣ የትምህርት ቤቱ ስም ያለበት ልብስ በርከት ብሎ ይታያል። በስልክ በተደረገው ተከታይ ሙከራ ደግሞ ተማሪዎቹ ስለ ድሉ ሲናገሩ «አሸነፍን» ማለት፣ ስለ ሽንፈቱ ሲናገሩ «ተሸነፉ» ማለት ይቀናቸው ነበር። ይህ ነገር ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንዱ ቴሌቪዥን ቤት የአርሴናልን ጨዋታ ያየ ሰው ስለ ለንደኑ ክለብ «እንትናን መሸጥ አልነበረብንም» የሚል ደጋፊ ሳያጋጥመው አይቀርም።

ከዚሁ የስልክ ሙከራ ውስጥ አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ተመራማሪዎቹ ተማሪዎቹን አስቀድመው አጭር የዕውቀት ፈተና ሰጥተዋቸው ነበር፤ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ለከፊሎቹ ወድቃችኋል፣ ለከፊሎቹ አልፋችኋል አሏቸው። በድል ጊዜ «እኛ»ን፣ በሽንፈት ጊዜ «እነርሱ»ን የመምረጡ ዝንባሌ ጎልቶ የታየው ወድቃችኋል በተባሉት ላይ ነው። ክብሩ የተነካ ሰው የቡድኑን ክብር ይበልጥ ይፈልገዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ክሊቭላንድ እንመለስ። ይህች በኢሪ ሐይቅ ዳር የምትገኝ የብረትና የፋብሪካ ከተማ በ1950 ከ914 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት። በ2010 በተደረገው ቆጠራ የቀሯት 397 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው። ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፤ ወጣቶቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ሄዱ። በስፖርቱም ቢሆን የከተማዋ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ብራውንስ በ1964 ሻምፒዮን ከሆነ ወዲህ ከትልልቆቹ ክለቦቿ አንዱም ዋንጫ አላነሣም፤ ይባስ ብሎ የብራውንስ ባለቤት በ1995 ቡድኑን ወደ ባልቲሞር እንደሚያዛውሩ አስታወቁ። ሌብሮን የተወለደው ከክሊቭላንድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው አክሮን ሲሆን፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ በ2003 የካቫሊየርስ ተጫዋች ሆነ። ሌላው ሁሉ ጥሎ በሚሄድበት ዘመን በዓለም ታላቁ ተጫዋች የሰፈር ልጅ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ በ2010 መሄዱ ለክሊቭላንድ ሰው የአንድ ተጫዋች ዝውውር ብቻ አልነበረም። ልጇ፣ ወንድሟ ወይም ጎረቤቷ ከዚያ በፊት የሄዱበት መንገድ ነበር፤ ያውም ሞቃቱን ባሕር ዳርቻ መርጦ።

ሌላም መታየት ያለበት ግኝት አለ። ሰው ለቡድኑ አባል ያደላል ካልን፣ ክሊቭላንድ ለገዛ ልጇ ልታደላ አይገባም ነበርን? መልሱን የምናገኘው ጆዜ ማርኬስ እና ባልደረቦቻቸው በ1988 ካሳተሙት፣ በቤልጅየም ካደረጉት ጥናት ነው። የቤልጅየም ተማሪዎች ጥሩ ጠባይና መጥፎ ጠባይ ስላላቸው ቤልጅየማውያንና ሰሜን አፍሪካውያን ተማሪዎች አስተያየት እንዲሰጡ ተጠየቁ። ጥሩ ጠባይ ያለውን የአገራቸውን ልጅ ከባዕዱ አብልጠው አመሰገኑ። መጥፎውን የአገራቸውን ልጅ ግን ተመሳሳይ ጠባይ ካለው ባዕድ ይልቅ አብዝተው ነቀፉት። ተመራማሪዎቹ ይህን የጥቁር በግ ክስተት ብለው ሰየሙት፤ ከነጭ መንጋ መካከል አንዱ ጥቁር በግ ለዓይን ጎልቶ እንደሚታይ ለማለት ነው። ባዕድ ቢያጠፋ ባዕድ ነው፤ ስለ እኛ የሚናገረው ነገር የለም። የእኛ ሰው ሲያጠፋ ግን የእኛን ስም ይዞ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ቁጣው ፍቅሩ ሐሰት እንደነበረ አያሳይም። ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው።

ቁጣው አንዴ ከተነሣ አቅጣጫውን ይቀይራል። በ2011 ሌብሮን ከማያሚ ጋር ለፍጻሜ ደርሶ በዳላስ ማቨሪክስ ሲሸነፍ፣ የኦሃዮ ግዛት አስተዳዳሪ የዳላስን ተጫዋቾች የኦሃዮ የክብር ዜጎች የሚያደርግ አዋጅ አወጡ። ቀልድ ቢመስልም በአንጎል ውስጥ መሠረት ያለው ነገር ነው። ሚና ቺካራ እና ባልደረቦቻቸው በዚያው በ2011 ባሳተሙት ጥናት የቦስተን ሬድ ሶክስና የኒው ዮርክ ያንኪስ ጽኑ የቤዝቦል ደጋፊዎችን አንጎል በምስል ማንሻ መሣሪያ መርምረዋል። ተቀናቃኙ ሲሸነፍ፣ ከደስታና ከሽልማት ስሜት ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል ይነቃቃል። የራስ ቡድን ሲሸነፍ ደግሞ ከሕመም ስሜት ጋር የሚያያዙ ክፍሎች ይሠራሉ።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚፈተንበት አጋጣሚ ከስምንት ዓመት በኋላ መጣ። ሌብሮን በ2014 ወደ ክሊቭላንድ ተመለሰ፤ በጁን 2016 ቡድኑ 3 ለ 1 ከመመራት ተነሥቶ ጎልደን ስቴት ዋሪየርስን በማሸነፍ የከተማዋን የ52 ዓመት ጥም ቆረጠ። ከዚያም በጁላይ 2018 ዳግመኛ ክሊቭላንድን ለቅቆ ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሄደ። ተጫዋቹ ያው፣ ከተማዋ ያቺው፣ የታጣውም ነገር ያው ነው። በዚህ ጊዜ ግን እንደ 2010 ያለ ቁጣ አልታየም። የቁጣው ምንጭ ማጣቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ መሄዶች አንድ ዓይነት ምላሽ ሊያስከትሉ ይገባ ነበር።

ምን ተለወጠ? በእኛ ግምት ትልቁ ለውጥ ሁለተኛው መሄድ «እኛ»ን አለማዋረዱ ነው። በ2010 ውሳኔው የተነገረው በኮኔክቲከት በተዘጋጀ፣ 75 ደቂቃ በፈጀ የቀጥታ ሥርጭት ሲሆን፣ ክሊቭላንድ መተዋን የሰማችው ዓለም ሁሉ እያያት ነበር። በ2018 ግን ወኪሉ ያወጣው አጭር መግለጫ ብቻ ነበር። የዋንጫው ቃልም ተፈጽሟል። በዚያው ወር መጨረሻም ሌብሮን ከአክሮን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ጋር ያቋቋመው ትምህርት ቤት በአክሮን ተከፍቶ ነበር፤ ስለዚህ እግሩ ቢወጣም ከቡድኑ አልወጣም ለማለት ይቻል ነበር።

ይሁን እንጂ የሳይንስ ተማሪ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይኖርበታል። ይህ በቤተ ሙከራ የተደረገ ሙከራ አይደለም፤ ከሁለቱ መሄዶች መካከል የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ስላልሆነ፣ ዋንጫው፣ የአነጋገሩ መንገድና የዕድሜው መግፋት እያንዳንዳቸው ምን ያህል ድርሻ እንዳላቸው ነጥለን ልንለካ አንችልም። ምናልባትም ሁለተኛ ጊዜ መጣል ከመጀመሪያው ያነሰ ያስደነግጥ ይሆናል።

ልዩነቱ በጆሮ የተሰማው በሁለቱ የተመለሰባቸው ምሽቶች ነው። ዲሴምበር 2 ቀን 2010 የማያሚን ማልያ ለብሶ ወደ ክሊቭላንድ ሲመጣ ኳሱን በነካ ቁጥር አዳራሹ በተቃውሞ ጩኸት ይናወጥ ነበር፤ እርሱም 38 ነጥብ አስቆጥሮ ቡድኑ 118 ለ 90 አሸነፈ። ኖቬምበር 21 ቀን 2018 የሌከርስን ማልያ ለብሶ ሲመጣም ሌከርስ 109 ለ 105 አሸነፈ። በጨዋታው መካከል የክለቡ ሰዎች ለእርሱ ያዘጋጁትን የምስጋና ፊልም ሲያሳዩ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ።