የናፍጣ ማሞቂያ በጠረጴዛ ላይ፦ የስህተት ኮዱ ያልነገረን ብልሽት

ባለፈው ዲሴምበር መጨረሻ አጎቴ ደውለው «ኮምፒውተር የምትጠግን ልጅ አይደለህ፣ እስኪ ማሞቂያዬን እይልኝ» አሉኝ። ኮምፒውተር አልጠግንም፤ ሶፍትዌር ነው የምጽፈው። ይህን ልዩነት ለዘመድ ማስረዳት ካቆምኩ ግን ቆይቷል።

አጎቴ ሚኒሶታ ውስጥ የረጅም ርቀት የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ሌሊቱን የሚያሳልፉት ከመሪው ጀርባ ባለችው ጠባብ አልጋ ላይ ነው። የናፍጣ ማሞቂያቸው ለመነሳት ይሞክራል፣ ነጭ ጭስ ይለቃል፣ ደግሞ ይሞክራል፣ ከዚያ «ኢ-10» ጽፎ ይቆማል። ያሳዩት ጋራዥ «ቦርዱ ሞቷል፣ ሌላ ይግዙ» ብሏቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ወደ ሰሜን ዳኮታ ጭነት አላቸው። እዚያ በጃንዋሪ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ብርቅ አይደለም።

«ታዲያ ሞተሩን አስነስተው ቢያድሩስ?» ትሉ ይሆናል። ትልቅ የጭነት መኪና ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ በሰዓት ወደ 3 ሊትር ናፍጣ ይበላል። በዚያ ላይ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች ከ5 ደቂቃ በላይ ሞተር አስነስቶ መቆምን ይከለክላሉ። ትንሿ ማሞቂያ ግን በዝቅተኛው ደረጃ ከምትበላው ናፍጣ 1 ሊትር ስምንት ሰዓት ያህል ያቆያል። ይህ እንዴት እንደሚሰላ ከታች እናያለን።

ውስጧ ምን አለ?

ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሞተር ሁለት ፋን ያዞራል፤ አንዱ ለእሳቱ አየር ያቀርባል፣ ሌላው የሚሞቀውን አየር ወደ ጋቢናው ይገፋል። ሁለቱ አየሮች ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም። በመካከላቸው ያለው የአሉሚኒየም አካል ሙቀቱን ብቻ ያሳልፋል። ሲነሳ መጀመሪያ ግሎው ፕለግ የሚባለው ክፍል እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ይቀላል። ከዚያ ፓምፑ ናፍጣውን በጠብታ በጠብታ ይልካል። እሳቱ ሲያዝ ግሎው ፕለጉ ይጠፋና ነበልባሉ በራሱ ይቀጥላል። ሲጠፋም ወዲያው አይቆምም፤ ፋኑ ለደቂቃዎች እየዞረ አካሉን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ እየሠራ ሳለ ባትሪውን መንቀል ክልክል ነው፤ ውስጡ የታመቀው ሙቀት መውጫ አጥቶ ሴንሰሩንና ፕላስቲኩን ይጎዳል።

የመጀመሪያው ቀን ስህተቴ

ውጭው ስለበረደኝ ሙከራውን በጋራዤ ውስጥ ጀመርኩት። በሩን ከፍቼ የጭስ ማውጫውን ቱቦ ወደ ውጭ ዘረጋሁ፤ በቂ መስሎኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩት የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ከ10 ደቂቃ በኋላ ከሚሊዮን 35 እጅ አሳየ። ምንም ሽታ የለም፣ ምንም ጭስ አይታይም። የቱቦውን ማሰሪያ ቀለበት በጣቴ ብቻ ነበር ያጠበቅሁት፤ ጋዙ የሚያፈተልከው በዚያ ነበር።

በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ታሪክ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ጋዙ ያው ነው። እዚህ ላይ አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በአሜሪካ ዩኤል 2034 በተባለው ደረጃ የሚሠሩ የቤት ማንቂያዎች በ70 እጅ መጠን የሚጮኹት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በ35 ላይ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሥራ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ግዙ። እኔም ዕቃውን ሁሉ ሰብስቤ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ካፖርት ለብሶ መሥራት ይሻላል።

ክፍል በክፍል መፈተሽ

ፕሮግራም ሲበላሽ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አንነካካም፤ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው እንሞክራለን። እዚህም እንደዚያው አደረግሁ።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ። ግሎው ፕለጉ ሲቀላ ማሞቂያው ወደ 10 አምፔር ይስባል፤ እሳቱ ከያዘ በኋላ ግን ከ1 እስከ 2 አምፔር ይበቃዋል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ባለ 5 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ለዚህ አይሆንም። ሙሉ ቻርጅ የተደረገ የመኪና ባትሪ ከፊውዝ ጋር ተጠቀምኩ።

ቀጥሎ ፓምፑ። በላዩ ላይ የተጻፈው 1000 ምት 22 ሚሊሊትር ይላል። 200 ምት ወደ ሲሪንጅ ውስጥ ለቀቅሁ፤ 4.4 መሆን ሲገባው 4.3 ሆነ። ፓምፑ ጤነኛ ነው።

ከዚህ ቁጥር ሌላም ነገር ይወጣል። ፓምፑ በሴኮንድ 5 ጊዜ ቢመታ በሰዓት ወደ 0.4 ሊትር ይልካል። 1 ሊትር ናፍጣ በግምት 10 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት አለው። ስለዚህ ከጭስ ጋር የሚባክነውን እንኳ ሳንቀንስ ከ4 ኪሎዋት አይበልጥም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ግን 8 ኪሎዋት ነው! በዝቅተኛው ደረጃ፣ በሴኮንድ 1.6 ምት፣ በሰዓት 0.13 ሊትር ገደማ ይሆናል። ስምንት ሰዓቱ የመጣው ከዚህ ነው።

ሰማያዊው ሽቦ

አሁን ለፕሮግራመሮች ወደሚጥመው ክፍል እንምጣ። በብዙዎቹ የቻይና ማሞቂያዎች ውስጥ መቆጣጠሪያውንና ማሞቂያውን የሚያገናኙት ሦስት ሽቦዎች ናቸው፦ ቀይ፣ ጥቁርና ሰማያዊ። በሰማያዊው ላይ ሁለቱ በየተራ ይነጋገራሉ። ፍጥነቱ በሴኮንድ 25,000 ቢት ነው። መቆጣጠሪያው 24 ባይት ይልካል፣ ማሞቂያው በ24 ባይት ይመልሳል። የመጀመሪያው ባይት 118፣ ሁለተኛው 22 ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች በሞድባስ ዘዴ የሚሰላ ባለ 16 ቢት ማረጋገጫ ናቸው። ሦስተኛው ባይት ትእዛዝ ነው፤ 160 «ተነሳ»፣ 5 «ቁም» ማለት ነው። ይህን ሁሉ እኔ አላገኘሁትም፤ አፍተርበርነር የተባለውን መቆጣጠሪያ የመሳሰሉ ክፍት ፕሮጀክቶች አስቀድመው ፈትተውታል።

ሽቦው በ5 ቮልት ስለሚሠራ፣ 3.3 ቮልት ከሚችለው ኢኤስፒ32 ጋር ለማገናኘት ሁለት ሬዚስተር ጣልቃ አስገባሁ። ሥራዬ ማዳመጥ ብቻ ነበር። ማሞቂያው በሚመልሰው መልእክት ውስጥ ያለበት ደረጃ፣ የፋኑ ፍጥነት፣ የአካሉ ሙቀትና የሚደርሰው ቮልቴጅ አለ።

ጓሮ ውስጥ ሦስት ጊዜ አስነሳሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያለ ችግር ተነሳ። ቮልቴጁ ከ12.7 ወደ 12.3 ብቻ ወረደ። ሞቷል የተባለው ቦርድ ሕያው ነው። ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው?

መኪናው ውስጥ

ማሞቂያውን ከነማዳመጫው ወደ መኪናው ወሰድን። ቦታው ከመመለሳችን በፊት ጋቢናው ተከፍቶ በጊዜያዊ ሽቦ አስነሳነው። ባትሪው ላይ በመልቲሜትር 12.5 አለ። ግሎው ፕለጉ ሲቀላ ግን ማሞቂያው «የሚደርሰኝ 10.4 ነው» አለ። ወደ 2 ቮልት የሚጠጋ መንገድ ላይ ጠፍቷል! ሽቦውን ተከትዬ ሄድኩ። የፊውዝ መያዣው በመንገድ ጨው በልዞ አረንጓዴ ሆኗል፤ ስነካው ይፋጃል። 2 ቮልት በ10 አምፔር 20 ዋት ነው፤ ለእሳቱ መሆን የሚገባው ሙቀት ፊውዙን እያሞቀ ነበር። የአንድ ማሞቂያ ሽቦ ጉልበት በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሚሄድ፣ ከ12.3 ወደ 10.4 መውረድ ከሩብ በላይ ሙቀት ያሳጣል። ናፍጣው ይመጣል፣ እሳቱ አይዝም፣ ነጭ ጭስ ይወጣል።

ጋራዡ የለካው ማሞቂያው ጠፍቶ ሳለ ይመስለኛል። ከረንት ካልፈሰሰ ደግሞ የዛገ ሽቦም ሙሉ ቮልቴጅ ያሳያል። ጭነት ላይ ሳትለኩ «ደህና ነው» አትበሉ፤ ይህ ለሰርቨርም ይሠራል።

የፊውዙን መያዣ ቀየርን። ማሞቂያውን ወደ ቦታው ስንመልስ ግን ሌላ ነገር አየን። በማሞቂያውና በመኪናው ወለል መካከል ያለው ጋስኬት ተቀዷል፣ ከወለሉ በታች ያለው የጭስ ቱቦ ማሰሪያም ላልቷል። ለዚህ ኮድ የለውም። አዲስ ማሞቂያ ገዝተው በዚያው ላይ ቢገጥሙት ኖሮ እሳቱ ያለ ችግር ይነሳ ነበር፣ አጎቴም ደስ ብሏቸው ይተኙ ነበር። ሁለቱንም ቀይረን፣ በሮቹን ዘግተን፣ መለኪያውን አልጋው ላይ አስቀምጠን ከውጭ ሆነን አንድ ሰዓት ጠበቅን። ዜሮ።

በአማርኛ የሚናገር ማሞቂያ

ማዳመጫው መኪናው ውስጥ ቀረ። ትንንሽ ስክሪኖች የሚጠቀሙባቸው የተለመዱ ላይብረሪዎች የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው ስክሪን አልገጠምኩም። ኢኤስፒ32 በራሱ ዋይፋይ አንድ ገጽ ያቀርባል፣ ፊደሉን የአጎቴ ስልክ ራሱ ያወጣዋል። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የገጹን ኢንኮዲንግ ማሳወቅ ከረሳችሁ ትርጉም የለሽ ምልክት ይወጣላችኋል። የምጽፋቸው መልእክቶች አጫጭር ናቸው፦ «እየተቀጣጠለ ነው»፣ «እየሠራ ነው»፣ «እየቀዘቀዘ ነው፣ ባትሪ አይንቀሉ»። ቮልቴጁ ከ11 በታች ሲወርድ «የኤሌክትሪክ መስመሩን ያስዩ» ይላል።

የካርቦን ሞኖክሳይዱን ማንቂያ ግን ከኔ ኮድ ጋር አላገናኘሁትም። የራሱ ባትሪና የራሱ ድምፅ ያለው፣ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ገዝቼ ከትራሳቸው አጠገብ ሰቀልኩት። የኔ ፕሮግራም ቢሳሳት ገጹ ይቆማል፤ ያኛው ግን መቆም የለበትም።

አጎቴ ሰሜን ዳኮታ ደርሰው የስልካቸውን ገጽ ፎቶ ላኩልኝ፦ «እየሠራ ነው፣ 12.4 ቮልት»። ከሥሩ «መለኪያውም ዜሮ ነው፣ ተኛ» ብለው ጽፈዋል።